ትንፋሽ ለኪው ጋሽ ታደገ

ጋሽ ታደገ ማረፋቸውን የሰማሁት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቱቦውን በከንፈራቸው ገጥመው፣ ደረታቸውን በአየር ሞልተው፣ «ይንፉ» እስክላቸው ዓይን ዓይኔን በሚያዩበት ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን አላውቀውም። አነሣሁት።

«ሲስተር የሺ ነሽ? ከሙጃ ነው የምደውል። የጋሽ ታደገ ጎረቤት ነኝ። ትላንት ዐረፉ። ቀብራቸውም ትላንቱኑ ተፈጸመ። ስምሽን ከስልካቸው አግኝተን ነው።»

ሌላም ነገር ተናግሯል፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ሽማግሌው አሁንም አየሩን እንደያዙ ይጠብቁኛል፤ ፊታቸው ቀልቷል። «ይተንፍሱ አባቴ፣ ይተንፍሱ» አልኳቸው። ለቀቁት። ቀስ ብሎ፣ ያለ ኃይል ወጣ። ጋሽ ታደገ ቢኖሩ ኖሮ እንዲህ ያለውን ትንፋሽ ከቁጥር አያስገቡትም ነበር።

እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው ሰባት ዓመት አብረን የሠራነው። ላሊበላ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሥራችን የሰው ትንፋሽ መለካት ነው። ታማሚው አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ አየር እስከ ጥግ ድረስ ይስባል፤ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ በአንዴ ይለቀዋል፤ ተሟጦ እስኪያልቅም መንፋቱን አያቆምም። መሣሪያው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ምን ያህል አየር እንደወጣ፣ በጠቅላላውም ምን ያህል እንደወጣ ይመዘግባል። ሁለቱን አስተያይተን የአየሩ መንገድ ነው የጠበበው ወይስ ሳንባው ራሱ ነው ያነሰው የሚለውን እንለያለን።

ወደ ሆስፒታሉ በተመደብሁ በመጀመሪያው ቀን ከዚያች ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ጠብ መስሎኝ እየሮጥሁ ገባሁ። አንድ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሽበታቸው ከጆሯቸው በላይ የነጣ ሰው አንዲት ሴት ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ጨብጠው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ ይጮኻሉ።

«ጨምሪ! ጨምሪ! አታቁሚ! አለሽ፣ ገና አለሽ! ገና አለሽ!»

ሴትዮዋ ነፍታ ነፍታ ትንፋሿ አልቆ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች። ሰውየው መሣሪያው ላይ የወጣውን መስመር ጎንበስ ብለው አዩና፣ ያ ሁሉ ጩኸት ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ ይመስል፣ በማይሰማ ድምፅ «ጥሩ ነው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባባታል» አሉኝ። መጀመሪያ የነገሩኝ ቃል ይኸው ነው።

ከዚያች ክፍል ውጪ የጋሽ ታደገን ድምፅ የሰማ ብዙ ሰው የለም። ግቢ ውስጥ ሲሄዱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው። ምሳቸውን ከጓሮ ካለችው ወይራ ሥር ብቻቸውን ይበላሉ። ፀሐይ እየበረታም ቢሆን ግራጫ ሹራባቸውን አያወልቁም። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲጠየቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አፋቸውን አይከፍቱም። ሚስት አላቸው ልጅ አላቸው የሚል ወሬ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ሲያስነፉ ግን ጥበቃዎቹ ከበሩ ሆነው ይሰሟቸዋል።

«ሳንባ አቁማዳ ነው» ይሉኝ ነበር ሥራውን ሲያስተምሩኝ። «ካላራገፉት ምን ያህል እንደያዘ አይታወቅም። ሰው ደግሞ ብቻውን ሲሆን አያራግፈውም። ጥቂት ያስቀራል። ለክፉ ቀን ብሎ ነው መሰለኝ።»

ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ ማድረግ ያፍራሉ። ለእነሱ ሲሆን ጋሽ ታደገ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚጮኹት። አንድ ጊዜም አንድ ቄስ መጡ። ቱቦውን አገላብጠው አዩና «እዚህ ውስጥ የገባ ትንፋሼ ተመልሶ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ።

«አባ፣ ሲቀድሱ የሚያወጡት ትንፋሽ ይመለሳል?» አሏቸው ጋሽ ታደገ።

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። «እሱማ ወደ ላይ ነው የሚሄድ።»

«ይኼም በዚህ በኩል ወደ ላይ ነው የሚሄድ» አሉና መስኮቱን ከፈቱላቸው። ቄሱ ነፉ። እንዲያ ያለ ጥሩ ትንፋሽ ያን ወር አላየንም።

የጋሽ ታደገን የውስጥ ነገር ያወቅሁት ግን ውዴ በምትባል ሴት ምክንያት ነው።

ውዴ ከአሸተን ማርያም በታች ካለ መንደር የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የገበሬ ሚስት ናት። ባልዋ አድርሷት ከበሩ ውጪ ቆመ። ለዓመታት ስታስል ኖራለች፤ ክረምት ሲገባ ይብስባታል፤ ሌሊት ደረቷ ያፏጫል። አፏን እንድትጉመጠመጥ ውኃ በብርጭቆ ብሰጣት እጇን ሰበሰበች። ከመቀነቷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የቆርቆሮ ጣሳ አወጣችና «በዚህ አድርጊልኝ፤ ከሰው ዕቃ አልጠጣም» አለችኝ።

«ማን ከለከለሽ?» አሉ ጋሽ ታደገ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ እኮ ነው። አማቴ ዕቃዬን ለየችብኝ። ልጄንም እሷ ናት የምታቅፍልኝ።»

አክታዋ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ከነቀርሳ ነፃ ነው ተብሏል፤ የደረቷ ፎቶም እንደዚሁ። ወረቀቶቹን እንደ ተአምር መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛቸዋለች፤ ያነበበላት ግን አልነበረም። አስነፋናት። መስመሩ ወዲያው ተጣጠፈ፤ አየሩ በጠባብ መንገድ እየታገለ ነው የሚወጣ። ጋሽ ታደገ ከባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው የሠሯትን ማስተላለፊያ አምጥተው በሷ በኩል የሚሳበውን መድኃኒት ሰጧት። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ጋሽ ታደገ ዓይናቸውን ከዚያች ጣሳ አልነቀሉም። ከዚያ እንደገና አስነፏት። ቁጥሩ ዘለለ።

«አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት፤ አስም ነው።»

ባልየውን ጠርተን ነገርነው። አመነ፤ ግን ራሱን አከከና «እናቴ አታምንም» አለ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጡኝ።»

«እናትህ ታነባለች?»

«አታነብም።»

«እንግዲያው እኛው እንመጣለን» አሉ ጋሽ ታደገ። እስከዚያ ቀን የማንንም ቤት ሲረግጡ ያላየኋቸው ሰው ናቸው ይህን ያሉት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወጣን። ወደ አሸተን የሚወስደው መንገድ አቀበት ነው፤ እኔም አለከልካለሁ። ጋሽ ታደገ ግን ጥቂት እንደሄድን ቆሙ። «ጋሼ፣ ትንሽ እንቀመጥ?» አልኳቸው። «አገሩን እያየሁ ነው» አሉኝ። አገሩ በስተኋላቸው ነው፤ እሳቸው ያፈጠጡት ከፊታቸው ያለው ቋጥኝ ላይ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆሙ ተጠጋሁና ከደረታቸው የሚወጣውን ፉጨት ሰማሁት። የስንቱን ሰው ደረት ስሰማ ስውል፣ አጠገቤ ያለውን ሰው አልሰማሁትም ነበር። አፈርሁ። ቀስ ብዬ ከኋላቸው መሄድ ጀመርሁ።

የውዴ አማት እማማ ደብሬ በክብር ተቀበሉን። ጠላ በብርጭቆ ቀዱልን። ጋሽ ታደገ ብርጭቆውን ሳይነኩት «ውዴ፣ ያንቺ ጣሳ የታለ?» አሉ።

ከበሩ ጀርባ፣ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረደችው።

«በሱ ቅጅልኝ።»

ውዴ አማቷን አየች፣ ባልዋን አየች፣ ቀዳችላቸው። ጋሽ ታደገ እስከ አተላው ጠጡትና ጣሳውን መልሰው ዘረጉ። «ድገሚኝ።»

«ኧረ ጌታው፣ ቢይዘዎትስ!» አሉ እማማ ደብሬ ደንግጠው።

«እማማ፣ ነቀርሳን አውቀዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ይዞኝ መድኃኒቱን ጨርሼ ድኛለሁ። እሷን የያዛት እሱ አይደለም። የእሷ የአየሩ መንገድ ነው የሚጠብ። ጭስና ብርድ ሲነካት ይዘጋል፤ መድኃኒቱን ስትስብ ይከፈታል። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ልጇን ትቀፍ።»

እማማ ደብሬ ባዶውን ጣሳ ተቀበሏቸው። ጥቂት ቆይተን ተሰናበትን። ስንወጣ ጣሳው ወደ ሚስማሩ አልተመለሰም፤ ከብርጭቆዎቹ ጋር ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። ውዴ እስከ አጥሩ ሸኘችን። የጋሽ ታደገንም እጅ ሳመች።

ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል ከወረድን በኋላ ጋሽ ታደገ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ አገር ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ሚስት ነበረችኝ» አሉ። «ዘነበች ትባላለች። ገጠር ጤና ኬላ ስሠራ ነው ያገባኋት። በሁለተኛው ዓመት ማሳል ጀመረች። ከኔ የተጋባባት መሰለኝ። ምርመራ የለ፣ መሣሪያ የለ፤ እኔው ፈረድሁ። ነቀርሳ ነው ብዬ መድኃኒቱን አስጀመርኋት። ዋንጫዋን የለየሁ እኔ ነኝ። መኝታዋን ወደ ጓዳ ያዛወርሁ እኔ ነኝ። ጎረቤቱማ እኔን አይቶ ነው የሸሻት፤ ባለሙያው ከሸሸ እኛ ምን እንሁን ብሎ።»

ቆም እያሉ፣ አየር እየሳቡ ነው የሚናገሩት።

«በሐምሌ ሞተች። እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው የሞተችው። ስትሞት አጠገቧ አልነበርሁም፤ ወደ ሳሎኑ እንዳትመጣ በሩ ተዘግቶ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ይኼን መሣሪያ ልማር ደሴ ተላክሁ። አሠልጣኙ አንዲት ሴት አስነፋ፤ መድኃኒት ሰጣት፤ እንደገና አስነፋት። ቁጥሩ ዘለለ። ሳሏ የዘነበች ሳል ነው። ተነሥቼ ወጣሁና ውጪ ተቀመጥሁ።»

«ግን ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? አስም መሆኑን?»

«አይደለሁም» አሉኝ። «አልለካኋትማ።»

ከዚያ ተነሥተው መውረድ ጀመሩ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ እሳቸው ቀድመውኛል። ታማሚ ገና አልመጣም። እኔም ሌሊቱን ሳስብበት ስላደርሁ ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎን ልለካዎት» አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። መሳቢያውን ከፈቱና ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ሰኞ ሰኞ ጧት፣ እኔ ሳልገባ፣ ራሳቸውን ሲለኩ ኖረዋል። ቀኑ፣ የመጀመሪያዋ ሰከንድ፣ ጠቅላላው፤ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈታቸው ገጽ ከገጽ ተሞልቷል። ወደ ፊት በገለጥሁ ቁጥር ቁጥሩ እየወረደ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ? የነቀርሳው ጠባሳ ነው፤ የልጅነት ጭስም አለበት። የተበላው አይመለስም። መድኃኒቱን እወስዳለሁ።» ቱቦውን አንሥተው ያዙ። «ግን የኔ ልኬት ሁሌም ትክክል አልነበረም። ብቻዬን ነው የምነፋው። ዛሬ አንቺ ጩኺልኝ።»

ታላቄ ናቸው፤ መምህሬ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? አፍንጫቸውን ቆነጠጥሁላቸው። አየሩን ሳቡ። «ይንፉ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ሹክሹክታ ሆነብኝ። ቱቦውን አወጡና «እንዲህ ከሆነማ ለብቻዬም እችለው ነበር» አሉኝ። በሁለተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ጮኽሁ።

«ይንፉ! ይንፉ ጋሼ! ይጨምሩ! አያቁሙ! ገና አለዎት! ገና አለዎት!»

ነፉ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ትከሻቸው ተሰበሰበ፣ ዕንባቸው ወረደ። ካለቀ በኋላ ሳሉ አልለቅ ብሏቸው ጠረጴዛውን ይዘው ብዙ ቆዩ። እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ አላዩኝም። ቀና ብለው ቁጥሩን አዩት። የታማሚ ቁጥር ነው፤ የከፋ ታማሚ። ግን ደብተሩ ላይ ለወራት ከጻፉት ሁሉ ይበልጣል።

«ለካ ይኼን ያህል ነበረኝ» አሉ።

ከቁጥሩ አጠገብ «ሲስተር የሺ ባለችበት» ብለው ጻፉና ደብተሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ እኔ እጮኽላቸው ጀመር። ቁጥሩ መውረዱን አልተወም፤ ግን ሁለታችንም እያየነው ነበር የሚወርደው።

በጡረታቸው ዓመት ወደ ሙጃ፣ ወደ እኅታቸው ቤት ሊሄዱ እንደሆነ ነገሩኝ። ሙጃ ከላሊበላ ይልቅ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አየሩም ለእንዲህ ያለ ደረት ይሳሳል። ይህን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ቢሆንም «ጋሼ፣ እዚያ ለእርስዎ አይሆንም፤ እዚሁ ይሁኑ» አልኳቸው።

«እዚህ ማን አለኝ?» አሉኝ።

እንዲያው ለነገሩ አልነበረም የጠየቁኝ። መልሴን ጠብቀዋል። እኔም ያን ጊዜ አራስ ነበርሁ፤ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ባሌ ምን ይል ይሆን እያልሁ አሰብሁ። «እኔ አለሁ» ለማለት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም። ሹራባቸውን ቆልፈው ሻንጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉ ነበር። ስለ ራሳቸው አይናገሩም። «ቱቦውን በደንብ ታጥቢያለሽ? መሣሪያውን ጧት ጧት ታስተካክይዋለሽ?» ነው ጨዋታቸው። ቀስ በቀስ ዐረፍተ ነገራቸው አጠረ። መጀመሪያ በየአራት ቃሉ፣ ኋላ በየሁለት ቃሉ አየር ይስቡ ጀመር። እኔ እቆጥር ነበር፤ ሙያዬ ነውና። «ጋሼ፣ ለገና እመጣለሁ» አልኳቸው። ገና ላሊበላ ሰው በሰው ላይ የሚነባበርበት ጊዜ ነው፤ ፈቃድ ከለከሉኝ። «እንግዲያው ለጥምቀት።» ለጥምቀት ልጄ ታመመብኝ። ሳልሄድ ጾሙ ገባ። «ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ በመጨረሻው ስልካችን። ያችን አጭር ቃል ሁለት ጊዜ ዐርፈው ነው የጨረሷት።

ሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ሙጃ ደረስሁ። ታላቅ እኅታቸው እማማ ስንዱ ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው አሮጊት ናቸው። ለቅሶ ደራሹ ሄዷል፤ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና አንድ ባዶ መደብ ብቻ ናቸው። አልቅሼ ተቀመጥሁ። መደቡ በሩ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን ያሳያል።

«አንቺ ነሽ የሺ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እዚህ መደብ ላይ ተኝቶ መንገድ መንገዱን ነው የሚያይ የነበረ። መኪና በቆመ ቁጥር ‹ስንዱ፣ ማን ወረደ?› ይለኛል። ወጥቼ አይና ‹ማንም› እለዋለሁ። ‹እንግዳ አለብህ እንዴ?› ስለው ‹የለብኝም› ይላል። ደግሞ መኪና ሲቆም ይጠይቀኛል።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

«የሞተ ዕለት ጧት መኪና ቆመ። መናገር አቅቶታል፤ በዓይኑ ነው የጠየቀኝ። ወጥቼ አየሁ። ጆንያ ነው የሚያወርዱ፤ ሰው የለም። ተመልሼ ገባሁና ዋሸሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ‹ወርዷል፤ ሰው ወርዷል፤ ወደኛ እየመጣ ነው› አልሁት። ጋቢውን እንዳስተካክልለት በጁ አመለከተኝ። አስተካከልሁለት። ቀና አድርጌ አስደገፍሁት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በሩን እያየ ነው የሄደ።»

ውጪ የላሊበላው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። «ተነሽ ልጄ፣ እንዳያመልጥሽ» አሉኝ እማማ ስንዱ። መኪናው ሁለተኛም ሦስተኛም ነፋና ሄደ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ባዶው መደብ ላይ፣ ከእማማ ስንዱ አጠገብ ተቀመጥሁ።